ሪባን መቁረጥ ቀላል ነው፤ ተመልሶ መምጣት ነው ከባዱ

ነገሩን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሚኒባስና አምስት የቤት መኪና ከቦሌ ይነሳሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ባነር አለ፣ ተመሳሳይ ቲሸርት አለ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ልጅ አለ። የገጠር ቀበሌው ሲደርሱ ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ ሲጠብቅ ያገኙታል። የወረዳው ኃላፊ ይናገራል፣ የክለቡ ፕሬዚዳንት ይናገራል፣ አንዲት ሕፃን አበባ ትሰጣለች። ሪባን ይቆረጣል። የመጀመሪያዋ እናት ጀሪካኗን ደቅና ፓምፑ ውሃ ሲተፋ ጭብጨባው ይቀልጣል። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል። ስምንት ሰዓት ላይ መኪኖቹ ይመለሳሉ። ማታ ፎቶው ይለጠፋል፤ «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» የሚለው አስተያየት ይጎርፋል።

ጥሩ ቀን ነው። ውሃው የእውነት ውሃ ነው፣ ምርቃቱም የእውነት ምርቃት ነው። በዚያ ቀን ላይ ማንም ክፉ ነገር መናገር አይችልም።

ችግሩ ከዚያ ቀን በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። ፓምፑ በሁለተኛው ዓመት ይሠራል? ጎሚኒው ሲበላ ማን ቀየረው? ዊልቼር የተሰጠው ልጅ አድጎ ወንበሩ ሲጠበው ማን አወቀ? ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ኮምፒውተር ዛሬ በርቷል ወይስ ከነካርቶኑ መጋዘን ውስጥ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ፎቶ የለም፤ ምክንያቱም ፎቶ አንሺው ያኔ አልነበረም። ክለቡም አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚቀርበው ክርክር አንድ ነው፦ የአገልግሎት ክለብ መመዘን ያለበት ባስረከበው ሳይሆን ተመልሶ ባየው ነው። በዚህ ሚዛን ከተለካ ደግሞ፣ ቦሌ ላይ በየሳምንቱ የሚታየው በጎ አድራጎት አብዛኛው ገና ፈተናውን አልተቀመጠም።

*ክለቦቹ እነማን ናቸው?*

ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ወደ ቦሌ ሚካኤል የሚሄደው ታክሲ ረዳት «ሩዋንዳ! ሩዋንዳ!» እያለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከኤምባሲው ነው። ቪላ ቤቶች እየፈረሱ አፓርትመንት የሚተኩበት፣ ሆቴል፣ እንግዳ ማረፊያና የእርዳታ ድርጅት ቢሮ የሚበዛበት ሰፈር ነው። በከተማዋ ስለ በጎ አድራጎት ብዙ የሚወራው እንደዚህ ባሉ ሰፈሮች፣ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ክለቡ በቀኑ ይሰበሰባል፣ ደወል ይደወላል፣ የባለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ እንግዳ ተናጋሪ ይጋበዛል፣ ምሳ ወይም እራት ይበላል፣ መዋጮ ይሰበሰባል።

የእነዚህ ክለቦች ሁሉ ታላቅ ወንድም ሮታሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር የጀመረው ነው። ስሙም የመጣው ስብሰባው በየተራ በአባላቱ ቢሮ እየተዘዋወረ ይካሄድ ስለነበር ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1917፣ እዚያው ቺካጎ ላየንስ ተመሠረተ። ሮታሪ ወደ አዲስ አበባ የገባው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት መንግሥት ወድቋል፤ ክለብ የሚባለው ነገር ግን ዛሬም አለ። ወጣቶቹ ሮታራክት ብለው የራሳቸውን አቋቁመዋል፤ ላየንስም ሊዮ የሚባሉ የወጣት ክለቦች አሉት።

ስለነዚህ ክለቦች በከተማው የሚነገረው ሐሜት የታወቀ ነው፦ «የሀብታሞች ምሳ ነው»፣ «ቢዝነስ ካርድ የሚለዋወጡበት ነው»፣ «ለስም ነው»። ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ጥቅም ፈልጎ የሚገባ ሰው የሌለበት ማኅበር በዓለም ላይ የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤም ቢሆን አለበት። ነገር ግን በዚህ ሐሜት የሚረካ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ያመልጠዋል። እነዚህ ክለቦች በጣም ከባድ የሆነ ሥራ ሠርተው ያውቃሉ። የሠሩትም በሪባን አይደለም።

*ልምሻን ማን አሸነፈው?*

እ.ኤ.አ. በ1985 ሮታሪ የዓለምን ሕፃናት ሁሉ ከፖሊዮ ለመከላከል ዘመቻ ጀመረ። ያኔ ብዙ ሰው እንደ ቅዠት ነበር ያየው። በ1988 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎችም ተቀላቅለው ዓለም አቀፉ የማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር፣ ልምሻ ከ125 በሚበልጡ አገሮች ውስጥ በዓመት ወደ 350,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። ዛሬ በዱር ዝርያው ቫይረስ የሚያዘው ሕፃን በጣት የሚቆጠር ወይም በጥቂት ደርዘን የሚለካ ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? በርክክብ አልሆነም። ለፖሊዮ ሪባን አይቆረጥለትም። ጠብታው ያለበት የቅዝቃዜ ሳጥን በትከሻ ተንጠልጥሎ፣ ቤት ለቤት፣ በር እየተንኳኳ፣ የሕፃኑ ጣት በቀለም እየተነካ፣ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት እየተደረገ ነው የተሠራው። ከዚያም በሚቀጥለው ዙር ያው በር እንደገና ይንኳኳል። እንደገና። እንደገና። ሰፈሩ የዘመቻ ሠራተኛዋን በስሟ እስኪጠራት ድረስ።

የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የመጨረሻው አገር በቀል የዱር ፖሊዮ ተመዘገበ። «አለቀ» ለማለት የሚያስችል ጊዜ ነበር። በ2004 መጨረሻ ግን ቫይረሱ ከሱዳን ተሻግሮ ተመለሰ። እንደገና ተጀመረ። እንደገና ጠፋ። በ2013 ከሶማሊያ በኩል ሌላ ወረርሽኝ ገባና በሶማሌ ክልል አሥር ሕፃናት ተያዙ፤ የመጨረሻው በጥር 2014 ነበር። አገሪቱ ከፖሊዮ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው በ2017 ነው፤ መላው አፍሪካ ደግሞ ነሐሴ 2020 ላይ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ክትባት ባልተዳረሰባቸው አካባቢዎች ከክትባቱ ቫይረስ የተለወጠ ሌላ ዝርያ ስለታየ ዘመቻው አልቆመም። የምስክር ወረቀት እንኳ እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ ፈቃድ አይደለም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ነዋሪነታቸው ሲያትል የሆነው ኢትዮጵያዊው ሮታሪያን እዝራ ተሾመ ስማቸው ይነሳል። የሚነሳውም አንድ ቀን መጥተው አንድ ነገር ስላስረከቡ አይደለም። ለብዙ ዓመታት አሜሪካውያን የክለብ አባላትን እየመሩ ደጋግመው ወደ ኢትዮጵያ ስለመጡ፣ እንግዶቻቸውም በገጠር መንገድ ላይ በእግራቸው እየሄዱ ጠብታ ስላጠጡ ነው። ቁም ነገሩ «ደጋግመው» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ያለው።

ላየንስም የራሱ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሄለን ኬለር በላየንስ ጉባኤ ላይ ቆማ ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ ከጠየቀቻቸው ጊዜ ጀምሮ ዓይን የላየንስ ጉዳይ ሆኗል። በአማራ ክልል ከካርተር ማዕከል ጋር በትራኮማ ላይ የተሠራውን ሥራ ማንም የክልሉ የጤና ባለሙያ ያውቀዋል። ትራኮማ በአንድ ኪኒን አይጠፋም። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የዞረበት ሰው ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ማኅበረሰቡ በየዓመቱ መድኃኒት መውሰድ አለበት፤ የሕፃናት ፊት መታጠብ አለበት፤ መጸዳጃ ቤት መቆፈር አለበት። አንዱ ከተጓደለ ወይም አንድ ሁለት ዓመት ከተዘለለ በሽታው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሥራው የተሠራው በዘመቻ ሳምንት፣ ዓመት በዓመት፣ ያንኑ ቀበሌ እየደጋገሙ ነው።

ታዲያ ሁለቱ ትልልቅ ክለቦች በዓለም የሚኮሩባቸው ሥራዎች ሁለቱም የመመለስ ሥራዎች ከሆኑ፣ ቦሌ ላይ ያለው ልማድ ለምን የማስረከብ ሆነ?

*የአንድ ዓመት ፕሬዚዳንት*

አንዱ ምክንያት የክለቦቹ የራሳቸው ሥርዓት ነው። የሮታሪ ዓመት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ነው። በዚያ ቀን የክለቡ ፕሬዚዳንት ይቀየራል። የአንድ ዓመት ሥልጣን ነው። በአንድ በኩል የሚያስቀና ሥርዓት ነው፤ ወንበር ላይ የወጣ ሁሉ ሞት እስኪያወርደው በሚቀመጥበት አገር፣ በፈቃዱ በዓመቱ መዶሻውን አስረክቦ ወደ ተራ አባልነት የሚመለስ መሪ ማየት ትምህርት ነው።

በሌላ በኩል ግን ይህ ሥርዓት አንድ ክፉ ልማድ ይወልዳል። እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት «የእኔ ዓመት ፕሮጀክት» ይፈልጋል። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያቅዳል፣ በቀጣዮቹ አራት አምስት ወራት ገንዘብ ይሰበስባል፣ በግንቦት ይሠራል፣ በሰኔ ያስረክባል። አምና የነበረው ፕሬዚዳንት የሠራውን ፓምፕ ለመጠገን ጊዜውን ቢሰጥ ዓመቱ ያልቅበታል፤ የጠገነውም ፓምፕ የሚጠራው በአምናው ስም ነው። ስለዚህ አዲስ ፓምፕ ይቆፈራል። አሮጌው ዝም ይላል።

ሕጉ ራሱ ይህን አላስተዋለም ማለት አይደለም። የሮታሪ ፋውንዴሽን ቢያንስ 30,000 ዶላር በጀት ለሚጠይቀው ግሎባል ግራንት የሚያመለክት ክለብ፣ ሥራው ዘላቂ መሆኑን እንዲያሳይ ይገደዳል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የማጠቃለያ ሪፖርቱ የሚቀርበው ሥራው ባለቀ በሁለት ወር ውስጥ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የማይሠራ ምን ነገር አለ? በሁለት ወሩ ጎሚኒው አዲስ ነው፣ ቀለሙ አልለቀቀም፣ የውሃ ኮሚቴው አልተጣላም፣ ገንዘብ ያዡ ገና ወደ ከተማ አልገባም። መዝገቡ የሚዘጋው ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ነው።

በገጠር ኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ሲፈጠር የታሰበው የመንደር ሰው በአንድ መፍቻ ፈትቶ እንዲጠግነው ነው። መሐንዲሶቹ ከማንም በፊት ገብቷቸዋል፤ ፓምፕ ይበላሻል፣ ስለዚህ በቀላሉ የሚጠገን ይሁን አሉ። እንዲያም ሆኖ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች በተደረጉ ቆጠራዎች፣ ከአራት የእጅ ፓምፕ አንዱ ገደማ የማይሠራ ሆኖ ተገኝቷል። የጎደለው መፍቻው አይደለም። የጎደለው መለዋወጫው የሚገኝበት ሱቅ፣ በየወሩ ሳንቲም የሚሰበስብ ኮሚቴና «እንዴት ናችሁ? ውሃው ደህና ነው?» ብሎ ስልክ የሚደውል ሰው ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ርካሹ ነው። ከሁሉም የሚጠፋውም እሱ ነው።

*ክለቦች ብቻ አይደሉም*

ጥፋቱን ሁሉ ክለቦች ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። የርክክብ በሽታ አገር አቀፍ ነው። ባንኩ በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ደርድሮ ከአረጋውያን ጋር ፎቶ ይነሳል፤ አረጋውያኑ ግን ከበዓሉ በኋላም ይርባቸዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነገረ፤ ዓለምም ጉድ አለ። ችግኝ ግን የሚፈተነው በሐምሌ አይደለም። ሐምሌ ላይ ዱላም ቢተከል ይለመልማል። ፈተናው የካቲትና መጋቢት ላይ ነው፤ ፀሐዩ ሲከርር፣ ፍየል ሲርበው፣ ባልዲ ይዞ የሚወጣ ሰው ሲጠፋ። የካቲት ላይ ካሜራ ይዞ የሚወጣ ስንት ሰው አለ?

ሰፈሩ ስሙን የወሰደባት ሩዋንዳ የምትባለው አገር አንድ ነገር አላት። ኡሙጋንዳ ይሉታል። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ዜጎች ወጥተው መንገድ ይጠርጋሉ፣ ቦይ ይከፍታሉ፣ የደካማ ቤት ይሠራሉ፤ ሲጨርሱ ቁጭ ብለው ይመካከራሉ። በግዴታ መሆኑ ላይ ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ በጎ ፈቃድ በቅጣት ሲሆን ስሙ ሌላ ነው። ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት ግዴታው ሳይሆን ቀን መቁጠሪያው ነው። አምና የጠረጉትን ቦይ ዘንድሮም ያዩታል፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ቅዳሜ አይቀርም።

*«በጎ የሚሠራን ሰው አትንኩ»*

እዚህ ላይ የሚነሱ ሦስት መከራከሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ሰዎቹ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከጊዜያቸው ቀንሰው ነው የሚሰጡት፤ ደግሞ ይወቀሱ?» የሚለው ነው። አዎ፣ ይወቀሱ። ምክንያቱም ፓምፑ ሲሰበር የሚጎዳው ሰጪው አይደለም። ያቺ እናት ድሮ ከምንጭ ትቀዳ ነበር። ፓምፑ ሲተከል ምንጩን የሚጠርገው ሰው ተወ። ፓምፑ ሲሰበር ወደተደፈነ ምንጭ ነው የምትመለሰው። በጎነት የተቀባዩን ኑሮ የሚነካ ከሆነ ተቀባዩ የመጠየቅ መብት አለው። ሮታሪያን ራሳቸው ከማንኛውም ሥራ በፊት የሚጠይቋቸው አራት ጥያቄዎች አሏቸው፤ እውነት ነው ወይ፣ ለሁሉም ፍትሐዊ ነው ወይ፣ ወዳጅነትን ያጠነክራል ወይ፣ ለሁሉም ይጠቅማል ወይ የሚሉ። ያማሩ ጥያቄዎች ናቸው። አምስተኛ ቢጨመር አይከፋም፦ በሚቀጥለው ዓመት ማን አለ?

ሁለተኛው «ጥገና የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው ነው። ይሄ አባባል የሚመጣው ሁልጊዜ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ሪባኑ ሲቆረጥ «የእኛ ፕሮጀክት»፣ ሲሰበር «የወረዳው ንብረት»። ወረዳው በጀት እንደሌለው ሪባኑ በተቆረጠበት ቀንም ይታወቅ ነበር።

ሦስተኛው ትንሽ ክብደት አለው፦ «ፎቶ ከሌለ ለጋሽ የለም።» እውነት ነው፤ ለጋሽ የሰጠው ገንዘብ የት እንደገባ ማየት ይፈልጋል። ታዲያ ያው ፎቶ በሁለተኛው ዓመት ይነሳ። ያው ፓምፕ፣ ያቺው እናት፣ ያው ጀሪካን። እንዲህ ያለ ፎቶ የሚያሳይ ክለብ ለጋሽ አያጣም፤ እንዲያውም ሌላው ሁሉ የማያሳየውን ስለሚያሳይ ይመረጣል። ፓምፑ ተሰብሮ ከተገኘም ተሰብሮ ይነሳ። «ሄድን፣ ተሰብሮ አገኘነው፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ እንዲህ አደረግን» የሚል አንድ አንቀጽ ከመቶ የርክክብ ፎቶ ይልቅ ያስተምራል።

*ሪባን የማያውቀው ክለብ*

በዚህ አገር ውስጥ ሪባን ቆርጦ የማያውቅ፣ ነገር ግን ተመልሶ መምጣትን እንደ ሕግ የያዘ አንድ የአገልግሎት ክለብ አለ። ስሙ ዕድር ነው።

ዕድር አዲስ አበባ ላይ ሥር የሰደደው ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የገባው ሰው ዘመድ በሌለበት አገር «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ሲጨነቅ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተማምሎ የፈጠረው ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የበለጠ ተስፋፋ። ዕድር ሊቀመንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጥሩምባ ነፊ ነበረው። ወርሃዊ መዋጮ አለው። ቀሪ ይቀጣል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት አለው፤ ዕቃው ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ተቆጥሮ ይገባል፤ የጎደለ ብርጭቆ እንኳ ይጠየቅበታል። ከቺካጎ ምንም ሳይቀዳ የክለብን ሥርዓት ሁሉ በራሱ አውጥቷል። አንድ ነገር ብቻ አይደንገግም፤ ከቀብር በኋላ ሐዘንተኛውን ብቻውን መተው። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ «እትዬ፣ እንዴት ከረሙ?» እያሉ ብቅ ማለት አለ።

በንጉሡ ዘመን ዕድሮች መንገድ እስከ መሥራትና ለአካባቢያቸው ልማት እስከ ማዋጣት ደርሰው ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ቀበሌ ተፈጠረ፤ የሰፈር ልማት የቀበሌ ሥራ ሆነ፤ ዕድርም ወደ ቀብር ተመለሰ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ ግን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን ቀይረው ታማሚ ማስታመምና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ጀመሩ። ዕድር ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለቆመም መሆን እንደሚችል አንዴ ታይቷል።

ዕድርን ማሞገስ ግን እንከኑን መደበቅ አይደለም። ዕድር የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከሞት በኋላ ነው፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ ሐኪም ቤት የሚከፍለው አጥቶ ሲንከራተት ያላወቀው ዕድር፣ ሲሞት ድንኳን ተክሎ ይጠብቀዋል። ሌላው እንከን ደግሞ ሩዋንዳን በመሰለ ሰፈር ይብሳል፤ ዕድር የሚሠራው ሰው ሲቆይ ነው። አፓርትመንቱ ላይ ያለው ተከራይ ዛሬ እዚህ ነው፣ ኪራይ ሲጨምር ሰሚት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ቡልቡላ ነው። የነባሩ ሰፈር ሰው ደግሞ ቤቱ ፈርሶ ወደ ዳር ሲሄድ ዕድሩ አብሮ ይበተናል። በሩ ላይ የሚጠብቀው ጥበቃ፣ በየቤቱ የምትሠራው ልጅ፣ ከገጠር መጥታ ሻይ ቡና የምታፈላዋ፣ እነዚህ ከማንም ዕድር የሉም። ከማንም ክለብም የሉም። የክለቡ ስብሰባ ካለበት ሆቴል በር ላይ ቆመው መኪና የሚያስገቡት እነሱ ናቸው።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

ክለቡ የጎደለው ዕድር አለው፤ ዕድር የጎደለው ክለብ አለው። አንዱ መመለስን ያውቃል፣ ሌላው ገንዘብ፣ ባለሙያና የውጭ ወዳጅ አለው። ስለዚህ አራት ነገር ይጠየቅ።

1. አዲሱ ፕሬዚዳንት አዲስ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት የተሰጠውን ሁሉ ሄዶ ይይ። ሰኔ 24 መዶሻ ተቀብሎ፣ ሐምሌና ነሐሴን በጉብኝት ያሳልፍ። መንገዱ በዝናብ ካልተቻለ መስከረም ላይ ይሂድ።

2. ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት በጀት የተወሰነ ድርሻ፣ አሥራት ያህል እንኳ፣ ለጥገና ይቀመጥ። ሲሰጥ የማይነካ፣ ሲሰበር የሚወጣ።

3. ርክክቡ ለወረዳው ኃላፊ ብቻ አይሁን። ኃላፊው በሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል። የአካባቢው ዕድር በቃለ ጉባኤ ይረከብ፤ ዕድር አይዛወርም፣ ብርጭቆ የሚቆጥር ሰው ፓምፕም ይቆጥራል።

4. የተሰበረውም ይነገር። በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ሰጠን» ከሚለው ሪፖርት ጎን «ከሰጠነው ይህን ያህሉ ዛሬም ይሠራል» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። አንድ ዓምድ ብቻ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከቅርቡ መጀመር ይቻላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ክለቡ በሚሰበሰብበት ሆቴል ዙሪያ፣ በሩዋንዳ መንደር ውስጥ፣ የማታ ትምህርት መማር የሚፈልጉ ስንት ጥበቃዎችና የቤት ሠራተኞች አሉ? አንድ ክለብ ሃያ ልጆች ይዞ፣ የመመዝገቢያቸውን ከፍሎ፣ አሠሪዎቻቸውን በየሴሚስተሩ «ጊዜ ስጧቸው» ብሎ እያናገረ፣ አራት ዓመት ቢቆይ ሪባን የሚቆረጥለት ነገር አይኖረውም። ምረቃ ግን ይኖረዋል። ቦታው ቅርብ ስለሆነም «መንገዱ ሩቅ ነው» የሚል ሰበብ አይኖርም፤ በየሳምንቱ ወደ ስብሰባ የሚመጣ ሰው በየሳምንቱ ያያቸዋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት እውነት የሚሆነው ሃምሳዎቹ ሰዎች መንገዱ እስኪያልቅ ከተሸከሙ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ፎቶ ተነስተው ከተመለሱ፣ ሎሚው ሁሉ የሚወድቀው ያንኑ አንድ ሰው ላይ ነው።

በመጪው ሰኔ መጨረሻ በከተማዋ አዳራሾች ውስጥ መዶሻዎች ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራሉ። ተረካቢው ቆሞ «ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር እንሥራ?» ካለ ጭብጨባ ያገኛል። «አምና የሰጠነው ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው?» ካለ ደግሞ አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ ሊል ይችላል። የአገልግሎት ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ጸጥታ ነው።